እድር ለለቅሶ አለን፤ ለማያልቅ ሕመምስ?

ቡታጅራም ሆነ ወልቂጤ፣ ሰው ሲሞት ሐዘንተኛ ደጅ አይጠናም። ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ ጎረቤት ቆጮውን ይዞ ይመጣል። ሐዘንተኛዋም አታፍርም፤ የእድር መዋጮዋን ከፍላለች፣ በሌላውም ቀብር ቆማለች። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ የምታሳድግ እናት ሒሳብ ግን ሌላ ነው። የልጇ ሕመም በሦስት ቀን አይነሳም። ዛሬ ጎረቤት ልጁን ጠብቃላት ገበያ ብትወጣ፣ የዛሬ ዓመትም ያንኑ መጠየቋ ነው። ብድሯን የምትመልስበት ቀን ስለማይታያት «ግድ የለም፣ እኔው እችለዋለሁ» ትላለች።

በይሉኝታው ላይ ፍርሃት ይደረባል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለኃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ዙሪያ፣ በመስቃንና ማረቆ፣ ከ60 ሺህ በላይ ነዋሪዎችን ያካተተ የቤት ለቤት ጥናት አድርገው ነበር። ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ የሚጥል በሽታ ነበረበት። ስለ አመለካከቱ ሲጠየቅም ብዙ ሰው፣ ሕመምተኛውን በሚጥለው ሰዓት መንካት በሽታውን ያስተላልፋል ብሎ ያምን ነበር። አይተላለፍም፤ የአንጎል ሕመም ነው። እንዲህ ያለ ፍርሃት ባለበት አገር ልጇን የደበቀች እናት አይፈረድባትም። ሆኖም ጉራጌ ቤት ምድጃው መሐል ነው። ልጁ እሳት ዳር ቢወድቅ፣ ያልተነገረው ጎረቤት ወይ ይሸሻል፣ ወይ ክብሪት ጭሮ ጭሱን ያስሸትተዋል።

ስለዚህ የሰው እርዳታ ከመቀበል በፊት መናገር ይቀድማል። «አይዞሽ» ለሚሉ ሁሉ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ መሸኘት ቀላል ነው፤ ከባዱ ለእያንዳንዱ የሚችለውን አንድ ነገር ለይቶ መስጠት ነው። ለጎረቤትና ለአስተማሪው፦ ሲጥለው ከእሳት አርቁት፣ በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ ሰዓት እዩ፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። አዲስ አበባ ለሚነግደው አጎት፦ መድኃኒቱ እዚህ ከጠፋ በሐኪሙ ወረቀት ፈልጎ መላክ። ለዚህ ሕመም የሚሰጠው ፌኖባርቢታል ርካሽ ነው፤ በድንገት ሲቋረጥ ግን ሕመሙ ብሶ ሊመለስ ይችላል። ለአያት ደግሞ ልመናው ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ ጸበሉም ዱዓውም ይሁን፣ ክኒኑ ግን አይቅር። አያትየዋ አማት ከሆነች ይህን መናገር ከሁሉም ሳይከብድ አይቀርም፤ ባል ቢናገረው ይሻላል።

ውለታውስ? ጉራጌ በ1950ዎቹ የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁሞ ገንዘብ ሲያዋጣ፣ የከፈለ ሁሉ እኩል ይጓዝበታል ብሎ አልለካም። በ2003 በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም ያው ነው፤ ጤነኛውም በሽተኛውም ቀድሞ ይከፍላል፣ የታመመ ይታከምበታል። ካርዱን አውጥቶ መታከም ልመና የሚመስለው ሰው የለም። የጎረቤት ጥበቃም ከዚያ አይለይም፤ እናቲቱም ጤነኛ ሳለች በየሰርጉና በየለቅሶው ስታዋጣ ኖራለች።

እንግዲህ የእድር ዳኞች፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ጨምሩ፦ ረጅም ሕመም ያለበት ልጅ ካለበት ቤት በየሳምንቱ ተራ የሚገባ ሰው ይመደብ። እናቲቱ እስክትጠይቅ አትጠብቁ።