ሲሊንደርን በልክ መጫር

የሞተር ሲሊንደር ግድግዳ ለዓይን እንደ መስታወት ቢያብረቀርቅም፣ በወጉ የተሠራ ከሆነ በጥፍር የማይለይ ስስ ጭረት አለበት። ጭረቶቹ ከግራና ከቀኝ ተዳፍተው ይተላለፋሉ፤ በመካከላቸው የሚፈጠረው ማዕዘን በአብዛኛው ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ነው። ዘይት የሚያርፈው በእነዚህ ስንጥቅ መሰል መስመሮች ውስጥ ነው። ግድግዳው ከልክ በላይ ከለሰለሰ ዘይቱ ማረፊያ ያጣል፣ አዲስ የገባው የፒስተን ፋሻም ከግድግዳው ጋር ተላምዶ መግጠም ያቅተዋል። ሞተሩ ወርዶ፣ ታድሶ፣ ብዙ ወጪ ከወጣበት በኋላም ዘይት መብላቱን አይተውም። ጭረቱ ከሻከረ ደግሞ ፋሻው ቶሎ ያልቃል። ልኩን ጠብቆ መጫር የተቻለው መጫሪያው ድንጋይና ልኩን የሚያነበው መሣሪያ ሁለቱም ከተገኙ በኋላ ነው፤ ይህም ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ከሁሉ አስቀድሞ ያስቸገረው ክብ ቀዳዳ ማግኘት ነበር። ጄምስ ዋት የተሻሻለውን የእንፋሎት ሞተር ሐሳብ ካገኘ በኋላ ለዓመታት ወደ ሥራ ማስገባት ያቃተው፣ ሲሊንደሩ እውነተኛ ክብ ስላልነበረ እንፋሎቱ በፒስተኑ ጎን እያመለጠ ነው። መላው የመጣው ከመድፍ ሠሪ ዘንድ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ዊልኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1774 ለመድፍ መቦርቦሪያ ፓተንት አወጣ፤ ቀጥሎ ለዋት ሲሊንደሮች በሠራው ማሽን ላይ መቁረጫውን የተሸከመውን ዘንግ በሲሊንደሩ ውስጥ አሳልፎ በሁለቱም ጫፍ ደገፈው። ቀድሞ ዘንጉ በአንድ ጫፍ ብቻ ስለሚያዝ በክብደቱ ይጎብጥ፣ የቀዳዳውንም ጠማማነት እየተከተለ ይሄድ ነበር። በ1776 የዋት ሞተሮች ሥራ ሲጀምሩ ከአንድ ሜትር በላይ ስፋት ባለው ሲሊንደር ላይ የቀረው ስህተት በሳንቲም ውፍረት የሚገመት ነበር። ዛሬ ለአንድ የመኪና ሲሊንደር ይህ ስህተት ብሎኩን ያስጥላል፤ ለዚያ ዘመን ግን ሞተር እንዲኖር ያደረገው እርሱ ነው።

ከዚያ ያነሰውን ስህተት ለማየት መለኪያ ያስፈልግ ነበር። ፈረንሳዊው ዣን ሎረን ፓልመር በ1848 በብሎን የሚሠራ የእጅ ማይክሮሜትር ፓተንት አወጣ፤ አሜሪካኖቹ ጆሴፍ ብራውንና ሉሲያን ሻርፕ በ1867ቱ የፓሪስ ኤግዚቢሽን አይተውት አሻሽለው ለገበያ አቀረቡት። አሠራሩ ቀላል ነው። ብሎኑ በአንድ ዙር ግማሽ ሚሊሜትር የሚራመድ ከሆነና ዙሩ በ50 መስመር ከተከፈለ፣ እያንዳንዱ መስመር የሚሊሜትር አንድ መቶኛ ነው። በዚህ ልክ ሲለካ ግን ሙቀትም መቆጠር አለበት። 100 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የብረት ሲሊንደር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ትንሽ በለጥ ብሎ ይሰፋል። ከሙቅ ውኃ እጥበት እንደወጣ የተለካ፣ ከወትሮው በ30 ዲግሪ ያህል የሞቀ ብሎክ ከሦስት መቶኛ በላይ ሰፍቶ ይነበባል፤ ይህ ደግሞ ለፒስተኑ ከሚተወው ክፍተት ጋር የሚቀራረብ ነው። ችኮላ ከሚያበላሻቸው ሥራዎች አንዱ ይህ ነው፤ ብሎኩ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ የሥራው አካል እንጂ የባከነ ሰዓት ተደርጎ መታየት የለበትም።

መጫሪያውን በተመለከተ፣ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ድረስ ፋብሪካዎች የሚተማመኑት ከግሪኳ ናክሶስ ደሴትና ከቱርክ በሚቆፈረው ኤመሪ በተባለ ማዕድን ላይ ነበር። የተፈጥሮ ነገር በመሆኑ የአንዱ ጭነት ጥራት ከሌላው አይገጥምም። ስዊድናዊው ሸክላ ሠሪ ስቨን ፑልሰን በ1873 በማሳቹሴትስ ዉስተር፣ በፍራንክ ኖርተን የሸክላ ሥራ ቤት ውስጥ፣ ኤመሪን ከሸክላ አፈር ጋር ለውሶ በእቶን በመተኮስ ጠንካራ ክብ ድንጋይ አወጣ። በ1891 ደግሞ ኤድዋርድ አቺሰን በፔንሲልቬንያ ሸክላ አፈርና የኮክ ከሰል ዱቄት ቀላቅሎ በኤሌክትሪክ ሲያግል፣ ብርጭቆ የሚጭሩ አንጸባራቂ ቅንጣቶች አገኘ። ይህ ሲሊኮን ካርባይድ ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ቻርልስ ጄከብስ ቦክሳይትን በኤሌክትሪክ እቶን አቅልጦ ሰው ሠራሽ አሉሚኒየም ኦክሳይድ አመረተ። ሁለቱ እስከ ዛሬ ሥራ ተከፋፍለው ይኖራሉ፤ የመጀመሪያው ቀልጦ በቅርጽ ለፈሰሰ ብረት ውጤቶች ማለትም ለብሎክና ለካሚቻ፣ ሁለተኛው ለአረብ ብረት።

ድንጋዩ ከማንኛውም የቶርኖ መቁረጫ የሚለየው ሲሠራ ራሱን በራሱ መሳሉ ነው። የቅንጣቷ ስለት ሲደነዝዝ የሚያርፍባት ጉልበት ይጨምራል፤ ጉልበቱ ሲበዛ ትሰበራለች ወይም ከማያያዣው ተነቅላ ትወድቃለች፣ ከሥሯም አዲስ ስለት ብቅ ይላል። ስለዚህ ለጠንካራ ብረት የሚመረጠው ማያያዣው ለስለስ ያለ ድንጋይ ነው፤ ጀማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒውን ያደርጋሉ። ጠንካራ ማያያዣ የደነዘዘውን ቅንጣት አልለቅም ስለሚል ድንጋዩ መቁረጡን ትቶ ማሸት ይጀምራል፤ ብረቱም ይቃጠላል።

በዚህ ድንጋይ የክራንክ ሻፍትን ሥራ የለወጠው ቻርልስ ኖርተን ነው፤ ከላይ ከተጠቀሰው ፍራንክ ኖርተን ጋር አይዛመድም። ግራይንደር ለማጽጃ ብቻ ሳይሆን ለዋናው ቆረጣ ይበቃል ብሎ የተከራከረና ከባድ ማሽን በ1900 ሠርቶ ያሳየ ሰው ነው። በሰፊ ድንጋይ የክራንክ ሻፍቱን አንገት ወርድ በአንድ ጊዜ የሚወስደው ማሽኑ፣ በቶርኖ፣ በሞረድና በማለስለሻ 5 ሰዓት ይፈጅ የነበረውን ሥራ ወደ 15 ደቂቃ አወረደው። ሄንሪ ፎርድ ከእነዚህ ማሽኖች 35 አዘዘ። በታሪክ መጻሕፍት የሚወደሰው ለፋብሪካ ምርት ያስገኘው ፍጥነት ነው። ለጥገና ያስገኘው ጥቅም ግን ከዚያ አያንስም። ላዩ በሙቀት የጠነከረ አንገት በቶርኖ አይነካም፤ በድንጋይ ግን በ0.25 ሚሊሜትር ደረጃ እስከ 0.50፣ 0.75፣ አንዳንዴም እስከ 1.00 ድረስ ቀንሶ፣ በልኩ የወፈረ ብሮንዚና ገጥሞ ዳግም ማሠራት ይቻላል።

እዚህ ላይ ዓይን የሚያስፈልገው ቦታ አንገቱ ከጎኑ ክንፍ ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ነው። ፋብሪካው እዚያ ላይ የተወው ክብ መታጠፊያ የሚያጎብጠውንና የሚጠመዝዘውን ጭነት ያከፋፍላል። የድንጋዩ ጠርዝ በትክክለኛው ሬዲየስ ካልተስተካከለ መታጠፊያው ሹል ይሆናል፤ ልኩ በማይክሮሜትር ፍጹም ትክክል የሆነ ክራንክ ሻፍት መንገድ ላይ ከዚያው ቦታ ይሰበራል። ላዩ በናይትሮጅን የጠነከረ ከሆነ ደግሞ ጠንካራው ሽፋን በጣም ስስ ስለሆነ ደረጃ በደረጃ መቀነስ ሽፋኑን ሊያነሳው ይችላል፤ አምራቹ የፈቀደውን ሳያዩ መጀመር አይገባም።

ስንጥቅ ፍለጋ የተወለደውም ከዚሁ ሥራ ነው። አሜሪካዊው ዊልያም ሆክ፣ በማግኔት ተይዘው በሚሞረዱ ጠንካራ ክፍሎች ላይ የብረቱ ብናኝ መስመር ሠርቶ እንደሚሰበሰብ አስተዋለ። መስመሩ በዓይን የማይታየውን ስንጥቅ የተከተለ ነበር፤ የማግኔቱ ኃይል በስንጥቁ ላይ ስለሚሾልክ ብናኙን ይስባል። ሐሳቡ ፓተንት ያገኘው በ1922 ነው። ክራንክ ሻፍት ከመሞረዱ በፊትም በኋላም በዚህ ዘዴ መፈተሽ አለበት፤ ከሞረዳ በኋላ የሚገኘው ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ድንጋዩ ያቃጠለው ነው።

ሲሊንደርን በድንጋይ የመጫሩ ሥራ፣ ማለትም ሆኒንግ፣ በጥገና ቤቶች የተስፋፋው በ1920ዎቹ ሲሆን፣ የሴንት ሉዊሱ ጆሴፍ ሳነን በዚህ ስሙ ይነሳል። በሲሊንደሩ ውስጥ እየዞሩ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሱ ድንጋዮች የዞሩበትና የተመላለሱበት ፍጥነት ምጥጥን የጭረቱን ማዕዘን ይወስናል። ሲሊንደር እኩል አያልቅም። የላይኛው ፋሻ ወደ ታች በሚመለስበት ቦታ አካባቢ ግፊቱ ይበረታል፣ ዘይቱም ይሳሳል፤ ስለዚህ እዚያ በብዛት ይበላል። በተቀደደ የአየር ማጣሪያ በኩል የሚገባ የመንገድ አቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ደግሞ ከብረቱ ስለሚጠነክር ሥራውን ያፋጥነዋል። ልኬቱ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች፣ በሁለት አቅጣጫ መወሰድ ያለበት ለዚህ ነው።

ጥሩ ቤቶች ሆኒንግ ከመጀመራቸው በፊት በቴስታታው ፋንታ ወፍራም የብረት ሰሌዳ በብሎኩ ላይ በትክክለኛው ጥብቀት ያስራሉ። ብሎኖቹ ሲጠብቁ ሲሊንደሩን ስለሚያጣምሙት፣ ተጣሞ ሳለ ክብ ማድረግ ይሻላል፤ ሳይታሰር የተከበበው ቴስታታው ሲታሰር ሞላላ ይሆናል። ሻካራው ድንጋይ ጭረቱን ካወጣ በኋላ ደቃቁ የጭረቱን ጫፍ ብቻ ይቆርጣል፤ ለፋሻው ሜዳ፣ ለዘይቱ ሸለቆ ይቀራል። እጥበቱ ግን በብዙ ቦታ ይናቃል። ቤንዚን ዘይቱን አጥቦ የድንጋዩን ብናኝ በጭረቱ ውስጥ ይተወዋል። ሙቅ ውኃ፣ ሳሙናና ብሩሽ ያስፈልጋል፤ ከዚያም ዘይት የነካ ነጭ ጨርቅ በግድግዳው ላይ ሲያልፍ ግራጫ ሳይዝ እስኪወጣ ድረስ መድገም ነው።

ከዚህ በላይ የጠነከሩት መጫሪያዎች ከጄኔራል ኤሌክትሪክ ላቦራቶሪ መጡ፤ ሰው ሠራሽ አልማዝ በ1954፣ በሮበርት ዌንቶርፍ የተሠራው ኪዩቢክ ቦሮን ናይትራይድ በ1957። አልማዝ ካርቦን ስለሆነ በሞቀ አረብ ብረት ውስጥ ይሟሟል፤ ሁለተኛው ግን ብረትን ስለማይነካ ለጠንካራ ክራንክ ሻፍትና ካም ሻፍት ተመራጭ ሆነ። አልማዝ የሚያስፈልገው በኒኬልና በሲሊኮን ካርባይድ የተለበጠ የአሉሚኒየም ሲሊንደር ሲመጣ ነው። ማህሌ በ1967 ያወጣው ይህ ልባጥ ውፍረቱ ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ እምብዛም ስለማይርቅ፣ እንደ ብረት ካሚቻ በ0.25 ማስፋት አይታሰብም። ከተላጠ አሮጌው ልባጥ ይነሳል፣ አዲስ ይለበጣል፣ በአልማዝ ድንጋይም ወደ ፋብሪካው ልክ ይመለሳል።