ለከሚሴና ለአካባቢዋ ገበሬ የማኅበረሰብ ራዲዮ ስለሚሰጠው ጥቅም

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ጐዳና ላይ የምትገኘው ከሚሴ የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት። ሕዝቡ ማሽላ የሚዘራ፣ ከብትና ፍየል የሚያረባ፣ በብዛትም ኦሮምኛ የሚናገር ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ የአስተዳደሩ ሕዝብ 457,278 ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ሁሉ ሰው በየቀበሌው እየዞሩ ማስተማር ለእርሻ ሠራተኛ እጅግ ከባድ ስለ ሆነ፣ ድምፅን በአየር የሚያደርስ መሣሪያ ታላቅ ረዳት ነው። ነገር ግን መሣሪያው ብቻውን ፍሬ አይሰጥምና አሠራሩን ማወቅ ይገባል።

ራዲዮ በኢትዮጵያ ሥራ የጀመረው በ1927 ዓ.ም. ነው። ለብዙ ዘመን ንግግሩ ከታላላቅ ከተሞች ወደ ባላገር የሚወርድ ብቻ ነበር። በአዋጅ ቍጥር 533/1999 ግን የሕዝብና የንግድ ከሚባሉት ሌላ የማኅበረሰብ ራዲዮ በሕግ ታወቀ፤ ይህን አዋጅ የተካው አዋጅ ቍጥር 1238/2013ም እንዲሁ አጸናው። የማኅበረሰብ ራዲዮ ማለት ትርፍ የማይፈለግበት፣ ባለቤቱም ራሱ የአካባቢው ሕዝብ የሆነ ጣቢያ ማለት ነው። ስለዚህ ሹም ይረዳዋል፣ ይጠብቀዋል እንጂ የራሱ መለከት አያደርገውም።

የኤፍ ኤም ሞገድ እንደ ብርሃን በቀጥታ የሚሄድ ስለ ሆነ ተራራ ይጋርደዋል። ምሰሶው በከፍታ ቦታ ቢተከልም ከጋራው ማዶ ያለው ቆላ ሳይሰማ ሊቀር ይችላል። እንግዲህ ጣቢያ የሚያቋቁም ሰው በከተማው ውስጥ መሰማቱን ብቻ አይቶ ደስ አይበለው፤ በአርጡማ ፉርሲ፣ በጅሌ ጥሙጋና በደዌ ሐረዋ ቆላ የሚኖረው ገበሬ መስማት አለመስማቱን አስቀድሞ ይመርምር።

በካናዳ አገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1941 እስከ 1965 ዓ.ም. ለገበሬዎች የሚነገር ታላቅ የራዲዮ ትምህርት ነበር። ጎረቤቶች በአንድ ቤት ተሰብስበው ይሰማሉ፤ ከሰሙም በኋላ ተመካክረው አሳባቸውን ጽፈው ይልካሉ። ከዚህም ትምህርት ወስዳ ሕንድ በ1956 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ) በፑና አጠገብ ባሉ 150 መንደሮች ሞከረችው፤ ተሰብስበው የሰሙትና የተወያዩት ገበሬዎች ካልተሰበሰቡት ይልቅ ብዙ ዕውቀት እንዳገኙ ታወቀ። ከዚህ የምንረዳው ገበሬን የሚጠቅመው መስማት ብቻ ሳይሆን፣ የሰማውን መመርመርና መልሶ መጠየቅ መሆኑን ነው።

ስለዚህ በከሚሴ የሚነገረው እንዲህ ቢሆን መልካም ነው። መጀመሪያ፣ ሕዝቡ በቤቱ በሚናገርበት በኦሮምኛ፣ ቀጥሎም በአማርኛ ይሁን። ሁለተኛ፣ ሰዓቱ ገበሬው ከእርሻ፣ እረኛውም ከመስክ ከተመለሰ በኋላ ይሁን፤ ሴቶችም የሚሰሙበት ሰዓት ተጠይቀው ይወሰን። ሦስተኛ፣ በባቲ የሰኞ ገበያ የከብትና የእህል ዋጋ ስንት እንደ ዋለ ይነገር፤ ዋጋ የማያውቅ ሻጭ በደላላ እጅ ይወድቃልና። አራተኛ፣ ገበሬው የጠየቀውን የወረዳው ሹም ወይም የእርሻው ባለሙያ በሳምንቱ ውስጥ በራሱ አንደበት ይመልስ። መልሱ «አይቻልም» ቢሆን እንኳ ምክንያቱን ይግለጽ፤ ጥያቄ ሰምቶ ዝም ማለት ሕዝቡን ከራዲዮውም ከሹሙም ያርቃልና። ባለ ይዞታ የሆነ ሁሉ ደግሞ ከእኩል አራሹ ጋር አብሮ ይስማ፤ አንድ ነገር የሰሙ ሁለት ሰዎች በአንድ አሳብ ለመሥራት ይቀላቸዋል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ነው ቢሉ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ነው ዋጋው የሚታወቀው። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የበረሃ አንበጣ በምሥራቁ ቆላ ወርዶ ለአጨዳ የቀረበውን ማሽላ በላ። ያንጊዜ ከየት እንደ ተነሣና ወዴት እንደ ዞረ በሰዓቱ መስማት፣ የደረሰውን እህል ፈጥኖ ለመሰብሰብ ይጠቅም ነበር። በዚያው ዓመት በዚህ አስተዳደርና በጎረቤቱ በሰሜን ሸዋ ግጭት ተነሥቶ ብዙ ሰው ሞተ፤ የአጣዬ ከተማም ተቃጠለች። እንዲህ ባለ ጊዜ ወሬ ከፈረስ ይልቅ ይሮጣል። ሕዝቡም የሚያምነው በሰላሙ ቀን ስለ ዘሩና ስለ ከብቱ እውነት ሲነግረው የኖረውን ድምፅ ነው። በደህናው ጊዜ ያልተሰማ፣ ወይም ሹምን በማመስገን ብቻ ሰዓቱን የጨረሰ ራዲዮ፣ በጭንቅ ቀን «ተረጋጉ» ቢል ማንም አይሰማውም።

እንግዲህ በየወረዳችሁ ያላችሁ አስተዳዳሪዎች ሆይ፣ ለጣቢያው አዳራሽና ምሰሶ እንደምታስቡ ሁሉ፣ በየቀበሌው ለሚሰበሰቡት አድማጮችና ለጥያቄያቸው መልስም አስቡ። እምነት እንደ ማሽላ በወቅቱ ካልተዘራ በችግር ቀን አይታጨድምና።