ለዘይት በሊዎቹ አየር ስጧቸው

የሞተር ዘይት በፈሰሰበት አፈር ውስጥ ዘይቱን የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ። ዘይት በአብዛኛው ካርቦንና ሃይድሮጅን ነው፤ እኛ ከእንጀራ ኃይል እንደምናገኘው ሁሉ እነሱም ከዘይቱ ያገኛሉ። የሚተርፈው ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። መሠረቱ ይኸው ነው።

ባክቴሪያ ሲባል በሽታ ብቻ የሚታየው ሰው ግን ውለታቸውን አያውቅላቸውም። በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲቀበል ተደርጎ የተስፋፋው የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ ዋናውን ሥራ የሚያሠራው እነሱን ነው፤ መጀመሪያ አየር በሌለበት ገንዳ፣ ቀጥሎ ፍሳሹ እየተንጠባጠበ በሚወርድበት ማጣሪያ። ሴፕቲክ ታንክ ውስጥም የሚሠሩት እነሱ ናቸው። መጸዳጃ ቤት ውስጥ በረኪና በጀሪካን የምትገለብጡ እባካችሁ ተዉ፤ የምትገድሉት ሠራተኞቻችሁን ነው።

ልደታ፣ አብነት አካባቢ አንድ ጋራዥ ገብቼ ነበር። ግቢው ከመጥቆሩ የተነሳ አፈር መሆኑ ያጠራጥራል። አንድ ወጣት መካኒክ «ጋሼ፣ ዘይት የሚበላ ባክቴሪያ ከውጭ ይመጣል አሉ፤ የት ይሸጣል?» አለኝ። የተማሩ ሰዎችም ይህንኑ ይጠይቁኛል። እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለአናንዳ ቻክራባርቲ ዘይት በሊ ባክቴሪያ የፈጠራ መብት እንዲሰጥ 5 ለ 4 ወሰነ፤ ባክቴሪያው የሚገዛ ዕቃ ነው የሚለው እምነትም በዚያው በረታ። በ1989 ኤክሰን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ አላስካ ላይ ድፍድፍ ነዳጅ ስታፈስ ግን ባለሙያዎቹ በባክቴሪያ ለሚደረገው ጽዳት ዳርቻው ላይ የረጩት ማዳበሪያ ነው። በሊዎቹ እዚያው ነበሩ፤ ያጠራቸው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ነበር። «ያንተም እግርህ ሥር ናቸው» አልኩት።

እኛ ጋራዦች ውስጥ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያጥራቸው አየር ነው። 1 ኪሎ ዘይት ሙሉ በሙሉ እንዲበላ ከ3 ኪሎ በላይ ኦክስጅን ይጠይቃል። በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ አሟሙቶ የሚይዘው ኦክስጅን 7 ሚሊግራም ገደማ ነው። እስቲ አስሉት፦ አንድ ኪሎ ዘይት ከ400,000 ሊትር በላይ ውሃ የያዘውን ኦክስጅን ይጨርሳል! የተቃጠለ ዘይት ቱቦ ውስጥ ደፍቶ «ወንዝ ይወስደዋል» የሚለውን ሰው የማልታገሠው ለዚህ ነው። ትንሹ አቃቂ ወንዝ በከተማው ፍሳሽ ትንፋሹ አጥሮታል፤ ዘይቱም ላዩ ላይ ተንሳፍፎ የቀረችውን አየር ይዘጋበታል። ያንኑ 3 ኪሎ ኦክስጅን ለማግኘት ግን 15 ሜትር ኩብ አየር ይበቃል፤ አንዲት ትንሽ ክፍል የምትይዘው ነው። ውሃ የሚነፍጋቸውን አየር በነፃ ይሰጣቸዋል።

ስለዚህ የተበከለውን አፈር ቆፍሩት፤ ሲሚንቶ ወይም ወፍራም ላስቲክ ላይ አነጥፉት፤ ጓሉን ሰባብሩት። ፍግ ጨምሩበት፤ የካርቦኑ ልክ 100 ከሆነ ናይትሮጅኑ 10፣ ፎስፎረሱ 1 ቢሆን ይመረጣል። እርጥብ ይሁን እንጂ አይጨቅይ፤ ውሃ ከሞላው ያው አየር አጣ ማለት ነው። በየሳምንቱ በአካፋ ገልብጡት። ክረምት ሲገባ ሸፍኑት፤ አለዚያ ዝናቡ ዘይቱን ጠርጎ ያንኑ ወንዝ ያገኛል። ናፍጣ በወራት ውስጥ በአብዛኛው ይጠፋል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከባድ ስለሆነ ይዘገያል፤ ሁሉም አይበላም።

ከዘይቱ ጋር አፈሩ ውስጥ የሚገቡ እርሳስንና ዚንክን የመሳሰሉ ብረቶችን ግን የትኛውም ባክቴሪያ አያጠፋቸውም። የቆዳ ፋብሪካ ክሮሚየምም እንዲሁ ነው፤ መልኩ ይለወጣል እንጂ ከአፈሩ አይወጣም። ሽታው የጠፋ፣ ሣር የበቀለበት አፈር እርሳሱን እንደያዘ ሊሆን ስለሚችል ላብራቶሪ ሳይመረምረው ጎመን አይተከልበትም።