ልጆችን ወደ መኝታ የሚልክ የቴሌቪዥን ጣቢያ

በጀርመን አገር መካከል፣ በቱሪንገን ክፍለ ሀገር፣ ኤርፉርት የምትባል ጥንታዊት ከተማ ትገኛለች። በዚህች ከተማ የሚዘዋወር እንግዳ በአንዱ መንገድ ብርቱካንማ አይጥ፣ በሌላው ነጭ ጢም ያለው ትንሽ ሰው፣ ከማዘጋጃ ቤቱ አቅራቢያ ደግሞ ክንዶቹ ያጠሩና ፊቱን ያጠቆረ ዳቦ በሐውልት መልክ ቆመው ያያል። እነዚህ ምስሎች የነገሥታት ወይም የጦር መሪዎች መታሰቢያ አይደሉም። መቀመጫውን በዚያች ከተማ ባደረገው የልጆች የቴሌቪዥን ጣቢያ የሚታዩ ገጸ ባሕርያት ናቸው። ጣቢያው «ኪካ» ይባላል፤ ስሙም «የልጆች ጣቢያ» የሚል ትርጉም ካለው የጀርመንኛ ቃል ያጠረ ነው።

ኪካ ሥርጭቱን የጀመረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጥር 1 ቀን 1997 ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። የመሠረቱት ኤ.አር.ዲ. እና ዜድ.ዲ.ኤፍ. የተባሉት ሁለቱ ታላላቅ የሕዝብ ማሠራጫ ድርጅቶች በጋራ ሆነው ነው። ኤርፉርት እስከ 1990 ድረስ የምሥራቅ ጀርመን ከተማ ነበረች። ሁለቱ ጀርመኖች ከተዋሐዱ ገና ሰባት ዓመት ሳይሞላ የመላው አገር ልጆች የሚመለከቱት ጣቢያ በምሥራቁ ክፍል መተከሉ እንዲያው በአጋጣሚ የሆነ ነገር ተደርጎ የሚታይ አይደለም።

የጣቢያውን ጠባይ ለመረዳት ግን ከቦታው ይልቅ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ መመርመር ይበልጣል። በ1995 ሱፐር አር.ቲ.ኤል. እና ኒክሎዲዮን የተባሉ የግል ጣቢያዎች ለጀርመን ልጆች ማሠራጨት ጀምረው ነበር። የእነዚህ ጣቢያዎች ገቢ የንግድ ማስታወቂያ ነው። በማስታወቂያ የሚተዳደር ጣቢያ ፊልሙን ለልጁ በነፃ ያሳየዋል፤ የሚሸጠው ዕቃ የልጁ ዓይንና ጆሮ ሲሆን፣ ገዥዎቹም የአሻንጉሊትና የጣፋጭ ነጋዴዎች ናቸው። ትልቅ ሰው ማስታወቂያ ሲያይ የሚያባብለው ሻጭ መሆኑን ያውቃል። የአራት ዓመት ሕፃን ግን ታሪኩ የት ላይ አብቅቶ ገበያው የት ላይ እንደ ጀመረ ለይቶ ማወቅ ይሳነዋል። ስለዚህ ኪካ ከተመሠረተበት ዕለት አንሥቶ ምንም ዓይነት የንግድ ማስታወቂያ አያሳይም። ወጪው የሚሸፈነው እያንዳንዱ ቤተሰብ ለሕዝብ ማሠራጫዎች ከሚከፍለው መዋጮ ነው። መዋጮው ከነሐሴ 2021 ጀምሮ በወር 18 ዩሮ ከ36 ሳንቲም ሆኗል። ልጅ የሌለውም ሽማግሌ ቢሆን ይከፍላል ማለት ነው።

ይህ አሠራር ያለ ክርክር አልጸናም። ኒክሎዲዮን በ1998 የጀርመን ሥርጭቱን ዘጋ፤ የተመለሰውም በ2005 ነበር። የግል ጣቢያዎች በበኩላቸው «በሕዝብ ገንዘብ ከሚደገፍ ተወዳዳሪ ጋር እኩል መሮጥ አንችልም» በማለት ለአውሮፓ ኮሚሽን አቤቱታ አቀረቡ። አቤቱታው ከምቀኝነት ብቻ የመነጨ ነበር ማለት አይቻልም፤ ዕቃውን ሸጦ የሚያድር ነጋዴ ጎረቤቱ ያንኑ ዕቃ በነፃ ሲያድል ቢያይ ማጉረምረሙ አይቀርም። ሆኖም ኮሚሽኑ በ1999 በሰጠው ውሳኔ የሕዝብ አገልግሎት በመሆኑ ክፍያው የተፈቀደ ነው ሲል ደመደመ። የሕዝብ ገንዘብ ግን ጠባቂ ይፈልጋል። በ2010 አንድ የጣቢያው ኃላፊ በሐሰተኛ ደረሰኞች አማካይነት በሚሊዮን የሚቆጠር ዩሮ ማጉደሉ ታወቀ፤ በማግስቱም ዓመት በፍርድ ቤት ከአምስት ዓመት የሚበልጥ እሥራት ተፈረደበት።

ኪካ የሚያስበው ከሦስት እስከ አሥራ ሦስት ዓመት ዕድሜ ስላላቸው ልጆች ነው። ይህ ዕድሜ ሲታይ ጠባብ ይምሰል እንጂ፣ ገና ጫማውን ማሠር ያልቻለውንና ፍቅር ምን እንደሆነ መጠየቅ የጀመረውን ባንድነት የያዘ ነው። አዘጋጆቹ ችግሩን የሚያቃልሉት ቀኑን በመከፋፈል ነው። ታላላቆቹ ትምህርት ቤት በሚውሉበት ጠዋት ዝግጅቱ ለሕፃናት ይሆናል፤ ከሰዓት በኋላ ለተማሪዎች ይቀርባል። ከ1998 ጀምሮ የሚታየው «የአይንስታይን ቤተ መንግሥት» የተባለው ተከታታይ ድራማ በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት የሚኖሩ ወጣቶችን ጠብና ወዳጅነት ይተርካል። ምሽት ላይ ደግሞ አሥር ደቂቃ ያህል የሚፈጅ የልጆች ዜና አለ፤ ይህ ዜና ከኪካ የቀደመ ሲሆን በዜድ.ዲ.ኤፍ. የተጀመረው በ1989 ነው። ዜናው ስለ ጦርነትና ስለ ምርጫ ከልጆች አይደብቅም፤ ነገር ግን ትልልቆቹ የሚያውቁትን ቃል ሁሉ ልጆች ያውቁታል ብሎ አያልፍም።

ከመንገዱ ዳር ያየናት ብርቱካንማ አይጥም የራስዋ ዝግጅት አላት። ዝግጅቱ ከ1971 ጀምሮ የሚሠራጭ ሲሆን በኪካም ይታያል። በሁለት ዓይነት ቀለም የተሰነተረው የጥርስ ሳሙና ቀለሙ ሳይቀላቀል እንዴት ከቱቦው እንደሚወጣ የመሰለውን ጥያቄ በፋብሪካው ውስጥ እየዞረ ያሳያል። የዕለቱ ዝግጅት ማስተዋወቂያ መጀመሪያ በጀርመንኛ፣ ቀጥሎ በአንድ የውጭ አገር ቋንቋ ይነገራል፤ በመጨረሻም የየትኛው አገር ቋንቋ እንደ ነበረ ይገለጻል። ልማዱ የተጀመረው በ1970ዎቹ፣ ለሥራ ወደ ጀርመን የመጡ ባዕዳን ልጆች የእናታቸውን ቋንቋ ከቴሌቪዥን እንዲሰሙ ታስቦ ነው።

ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው ግን ነጭ ጢም ያለው «የአሸዋው ሰው» ነው። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ተረት ልጆች እንቅልፍ የሚወስዳቸው አንድ ሽማግሌ በዓይናቸው አሸዋ ሲበትንባቸው ነው ይባላል። በ1959 የምሥራቅ ጀርመን ቴሌቪዥን ሰዎች ምዕራቦቹ ይህን ሽማግሌ በቴሌቪዥን ሊያሳዩ መሆኑን ሰሙና ጌርሃርድ ቤረንት የተባለው ባለሙያ በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ አሻንጉሊቱን ሠራ። ምሥራቆቹ ኅዳር 22 ቀን አሳዩት፤ ምዕራቦቹን በዘጠኝ ቀን ቀደሟቸው። አሻንጉሊቱ የሚንቀሳቀሰው በትዕግሥት ብዛት ነው፦ እጁን ወይም እግሩን በጥቂቱ ያንቀሳቅሱታል፣ ፎቶግራፍ ያነሡታል፣ እንደገና ያንቀሳቅሱታል፤ ሥዕሎቹ በፍጥነት ሲከታተሉ የሚራመድ ይመስላል። በመጀመሪያው ዕለት ታሪኩ ሲያበቃ የአሸዋው ሰው በአንድ መንገድ ጥግ ተቀምጦ እንቅልፍ ወሰደው። በማግስቱ ልጆች አልጋቸውን ሊሰጡት ፈልገው ደብዳቤ ላኩለት። በ1978 ጠፈር የደረሰው የመጀመሪያው ጀርመናዊ ዚግሙንድ ዬን አሻንጉሊቱን ይዞት ሄዷል። የምዕራቡ የአሸዋ ሰው ከውሕደቱ በፊት ቀርቷል፤ የምሥራቁ ግን አገሩ ከካርታ ላይ ሲጠፋ እሱ ተረፈ። ኪካ በተቋቋመ ጊዜ የማታው ተረት የእሱ ሆነ።

ጣቢያው በመጀመሪያ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ብቻ ይሠራ ነበር። ከ2003 ወዲህ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዝሟል። ከዚያ በኋላ ልጅ ሊተኛ ይገባል። ስለዚህ ሌሊቱን የሚይዘው ያ ፊቱን ያጠቆረ ዳቦ፣ «ቤርንድ» ነው። ቤርንድ በባዶ ነጭ ክፍል ውስጥ ተዘግቶበት ሲያማርር ይታያል፤ ያው ጥቂት ዝግጅት ደጋግሞ ይዞራል። ሐሳቡ ልጅ ቢነቃና ቴሌቪዥኑን ቢከፍት ብዙም ሳይቆይ ሰልችቶት ወደ አልጋው እንዲመለስ ነበር ማለት ይቻላል። የሆነው ግን ሌላ ነው። እንቅልፍ ያጡ ትልልቅ ሰዎች ያዩት ጀመር፤ ወደዱትም። በ2004 ቤርንድ በጀርመን ቴሌቪዥን ዘንድ ከፍተኛ ክብር ያለውን የአዶልፍ ግሪመ ሽልማት ተቀበለ። በ2009 ሐውልቱ ከኤርፉርት ከተማ ተሰርቆ በአንድ ባዶ የጦር ሠፈር ውስጥ ተገኘና ወደ ስፍራው ተመለሰ።