ተሳቢ አስሮ ወደ ኔጌቭ መውረድ፦ ጭነቱን አያቶችም ይዩት

የፋሲካና የሱኮት ሰሞን ሲደርስ ልጆቻችን መኪናቸው ላይ ተሳቢ (በዕብራይስጡ ኒግራር) አስረው ድንኳኑን፣ ፍራሹን፣ ውኃውን ጭነው ወደ ኔጌቭ በረሃ ይወርዳሉ። «አባባ፣ እማማ፣ አብራችሁን ኑ» ይላሉ። ብዙ አባቶችና እናቶችም እሺ ብለው ይሄዳሉ፤ ጭነቱ ሲጫን ግን «እኛ ስለ መኪና ምን እናውቃለን» ብለው ዳር ይቆማሉ። እኔ ግን ዳር መቆማቸው ልክ አይመስለኝም። በጎንደር ወይም በትግራይ ገጠር አህያና በቅሎ ጭኖ ገደል የወረደ ሰው የተሳቢን ጠባይ ከግማሽ በላይ ያውቀዋል።

አህያ ላይ አንዱ ወገን ከከበደ ጭነቱ ያጋድላል፤ ከኋላ ከከበደም እንስሳዋ መሄድ ያቅታታል። ተሳቢም እንደዚያው ነው። ከባድ ዕቃ ከታች ይቀመጣል፤ ቦታውም ጎማዎቹ ላይ ወይም ከእነሱ ትንሽ ወደ መኪናው ጠጋ ብሎ ነው። ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት 10 በመቶ ገደማ መንጠቆው ላይ ቢያርፍ ደህና ነው፤ ለመንጠቆው ከተፈቀደው ክብደት ግን ማለፍ የለበትም። ከኋላ የከበደ እንደሆነ የመኪናው ጭራ ይነሳና ተሳቢው ግራ ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። መኪና የሚገለብጠው ይሄ ነው። ከተወዛወዘ ደግሞ ሹፌሩ ፍሬን በኃይል መርገጥ የለበትም፤ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ እግሩን ከነዳጁ ቀስ ብሎ ያንሳ።

ሰው የሚረሳው ውኃውን ነው። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ይመዝናል፤ አምስቱ 100 ኪሎ ሆኑ ማለት ነው። ድንኳኑና በረዶ ሳጥኑ ሲጨመሩበት መኪናው ሊጎትት ከተፈቀደለት በላይ ሊሆን ይችላል። የተፈቀደው ልክ በመኪናው ፈቃድ ላይ ተጽፏል፤ ልጆቹ አውጥተው ያንብቡ።

ከሚጽፔ ራሞን በ40 ቁጥር መንገድ ወደ ማኽቴሽ ራሞን ሲወረድ መንገዱ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። በቅሎ ቁልቁለት ስትወርድ ጭነቱ ወደ አንገቷ እንዳይመጣ ከጅራቷ ሥር ጠፍር ይታሰርላት ነበር። ተሳቢም ቁልቁለት ላይ መኪናውን ከኋላ ይገፋል። ለዚህ መላው ከመውረዱ በፊት በዝቅተኛ ማርሽ መያዝ ነው፤ ፍሬን ብቻ እየረገጡ ከወረዱ ፍሬኑ ይግልና ይደክማል።

ማኽቴሹ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። እዚያ ውስጥ ቤኤሮት የሚባለው የማደሪያ ቦታ የሚደረሰው በጥርጊያ መንገድ ነው። እንዲህ ባለው መንገድ በሰዓት 15 ወይም 20 ኪሎ ሜትር መሄድ ስንፍና አይደለም። ጎማውን፣ የተሳቢውንም ጭምር፣ ትንሽ ማስተንፈስ ንዝረቱን ይቀንሳል፤ አስፋልት ላይ ከመውጣት በፊት ግን ተመልሶ መነፋት አለበት፤ ስለዚህ መንፊያ መያዝ ግድ ነው። ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደሄዱ ቆም ብለው ብሎኑንና ሰንሰለቱን ይፈትሹ፤ እጅንም ወደ ጎማው መሐል ያስጠጉ። ለብ ካለ ደህና ነው፤ ካቃጠለ ኩሽኔታው ታሟል። ስኮርታ ጎማም ለመኪናው ብቻ ሳይሆን ለተሳቢውም መኖር አለበት፤ ብዙ ጊዜ ልኩ የተለያየ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ጎርፍ ነው፣ ሺታፎን የሚሉት። ዝናቡ ሩቅ ተራራ ላይ ይዘንብና ፀሐይ ባለበት ደረቅ ወንዝ ውስጥ ውኃው ድንገት ይደርሳል። ሚያዝያ 2018 በናሐል ጻፊት 10 ወጣቶች የሞቱት እንዲህ ባለ ጎርፍ ነው። እነሱ በእግር ነበሩ። ተሳቢ ያሰረ መኪና ደግሞ በጠባብ ወንዝ ውስጥ ዞሮ መመለስ አይችልም፤ ወደ ኋላ መንዳቱም ልምድ ይጠይቃል። የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ከወጣ ጉዞው ይቅር። ደረቅ ወንዝ ውስጥ ድንኳን መትከልም አይገባም፣ አሸዋው የቱንም ያህል ቢመች። የኔጌቭ ሰፊ ክፍል የጦር ሠራዊት መለማመጃ ስለሆነ ከተመለከተው መንገድ መውጣትም አደገኛ ነው።

ለአባቶችና ለእናቶች የሚነገረውን ላክል። መድኃኒታችሁን ተሳቢው ላይ አትጫኑት፤ ሙቀትና ንዝረት ያበላሸዋል፤ ከእጃችሁ ጋር ይሁን። ለአጭር መንገድም ቢሆን ልጅ ተሳቢው ላይ ተቀምጦ እንዳይሄድ እምቢ በሉ፤ ልጆቹ «ቅርብ ነው» ይሏችኋል። ዓርብ ከሆነ በጠዋት ተነሱ፤ ጥርጊያው መንገድ ጊዜ ይበላል፣ ሰንበት ደግሞ አይጠብቅም። ከመነሳታችሁ በፊት ቤት ለሚቀር ሰው የት እንደምታድሩና መቼ እንደምትመለሱ ንገሩት፤ እዚያ ታች ስልክ የማይሠራበት ቦታ ብዙ ነው።