ፍርድ ቤት የቀረበው ልቦለድ፦ «የዶሪያን ግሬይ ምስል»ን እንዴት እናንብበው?

ቀኑ ኤፕሪል 3፣ 1895 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ለንደን፣ ኦልድ ቤይሊ ፍርድ ቤት ውስጥ አንድ ጠበቃ ከልቦለድ ላይ አንቀጽ እያነበበ ደራሲውን ያፋጥጠዋል። ይሄ ሠዓሊ ለወጣቱ የሚሰማው ስሜት ምንድን ነው? አንተስ እንዲህ ተሰምቶህ ያውቃል?

ደራሲው ኦስካር ዋይልድ ነው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሁለት ተውኔቶቹ ለንደን ውስጥ በአንድ ጊዜ ይታዩ ነበር። ጠበቃው ኤድዋርድ ካርሰን ደግሞ ደብሊን፣ ትሪኒቲ ኮሌጅ አብሮት የተማረ ሰው ነው። ልቦለዱ «የዶሪያን ግሬይ ምስል» ይባላል። ዛሬ የምናወራው ስለዚህ መጽሐፍ አነባበብ ነው። ጉዳዩ የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን ስለሚነካ ገና ከአሁኑ የተቆጣችሁ ካላችሁ፣ ቁጣውን ለመጨረሻው አቆዩት።

ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ፦ ባዚል የሚባል ሠዓሊ ዶሪያን የተባለን መልከ መልካም ወጣት ይሥላል። ዶሪያን በእሱ ፋንታ ሥዕሉ እንዲያረጅ ይመኛል፤ ምኞቱም ይደርሳል። የሚወዳትን ተዋናይት አዋርዶ በተዋት ሌሊት ሥዕሉ አፉ ላይ የጭካኔ መስመር ያወጣል፤ ልጅቷም ራሷን ታጠፋለች። ሥዕሉን ፎቅ ላይ ወዳለ፣ በልጅነቱ ይማርበት ወደነበረ ክፍል አስወጥቶ ይቆልፍበታል። ከዚያ በኋላ እሱ ለዓመታት ፊቱ ሳይለወጥ ይኖራል፤ የሚበሰብሰው ሥዕሉ ነው።

መጽሐፉ የጨለማ ልቦለድ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ግን የሚያስፈራው በጭራቅ ወይም በመንፈስ አይደለም። የሚያስፈራው ቁልፉ ነው። ዶሪያን እንግዶች ጋብዞ እየተበላ እየተጠጣ ሳለ ድንገት ተነስቶ ወደ ከተማ ይሮጣል፤ በሩ ተነክቶ እንደሆነ ሊያይ። አሽከሩን ይጠረጥራል። በዚያ ዘመን ወንድ የሚወድ ወንድ እንግሊዝ አገር ውስጥ ይሄን ስሜት የሚያስረዳው ሰው አያስፈልገውም ነበር። በ1885 የወጣው ሕግ በወንዶች መካከል የሚደረግን «ከባድ ነውር» እስከ ሁለት ዓመት እስር ያስቀጣ ነበር፤ በግል ቤት፣ በር ተዘግቶ የተደረገም ቢሆን። ነውሩ ምን ምን እንደሆነ ሕጉ አልዘረዘረም። የሰው ምስጢር ይዘው ገንዘብ ለሚጠይቁ አስፈራሪዎች ይሄ ትልቅ ገበያ ከፈተላቸው።

መጽሐፉ ውስጥም ዶሪያን ራሱ አንድ የድሮ ጓደኛውን እንዲሁ ያስፈራራዋል። ወረቀት ላይ የሆነ ነገር ጽፎ ያቀብለዋል፣ ሰውየው አንብቦ ፊቱ አመድ ይመስላል፣ እምቢ ያለውንም ነገር ይፈጽማል። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ምን ነበር? እስከ መጨረሻው አይነገረንም። እኔ ከመጽሐፉ ሁሉ የማልረሳው ይሄንን ቦታ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ መጽሐፉ አንድ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ የወጣው በጁላይ 1890 ፊላደልፊያ በሚታተም «ሊፒንኮትስ» በተባለ መጽሔት ላይ ነው፤ 13 ምዕራፍ ሆኖ። የመጽሔቱ አዘጋጅ ነውር ይሆናል ብሎ የፈራውን ወደ 500 ቃላት ቀድሞ ቆርጦ አውጥቶታል። ያም ሆኖ እንግሊዝ ውስጥ ጩኸት ተነሳ። ደብሊው ኤች ስሚዝ የተባለው መጽሐፍ ሻጭ መጽሔቱን ከመደርደሪያው አነሳ። አንድ ጋዜጣ ደግሞ ልቦለዱ የቴሌግራም ተላላኪ ልጆችን የሚመስሉ አንባቢዎችን የሚመጥን ነው ብሎ ተሳለቀ። ዛሬ ስናነበው ተራ ስድብ ይመስላል፤ ለዘመኑ ሰው ግን ግልጽ ነበር። በ1889 ለንደን፣ ክሊቭላንድ ጎዳና ላይ ፖሊስ የደረሰበት የወንዶች ቤት ነበር፤ ቅሌቱ የፖስታ ቤት ተላላኪ ልጆችንና ባላባቶችን አንድ ላይ የነካካ ነው።

ዋይልድ በ1891 መጽሐፉን 20 ምዕራፍ አድርጎ ሲያሳትመው አለሳለሰው። ባዚል ለዶሪያን ፍቅሩን የሚናዘዝበት ቦታ ስለ ሥነ ጥበብ የሚደረግ ወግ እንዲመስል ተደረገ። ካርሰን ይሄን ስለሚያውቅ ፍርድ ቤት ይዞ የቀረበው የ1890ውን ነው።

እኛ ሰምና ወርቅ እየሰማን ስላደግን «ወርቁ ይሄ ነው» ብለን ለመጨረስ እንቸኩላለን። ግን ካርሰንም ያደረገው ይሄንኑ እኮ ነው። ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ማስረጃ አደረገው። ቅኔ የሚቀኝ ሰው ወርቁ እንዲገኝለት ይፈልጋል፤ ዋይልድ ግን ላገኘበት ሰው ዋጋ ከፍሏል። ራሱ በ1890 ለአንድ ጋዜጣ በጻፈው ደብዳቤ ላይ፣ የዶሪያን ኃጢአት ምን እንደሆነ መጽሐፉ እንደማይናገር፣ ያገኘ አንባቢ ካለም ከራሱ እንዳመጣው ተከራክሯል። ስለዚህ ስታነቡ ባዶ የተተወውን ቦታ ለመሙላት አትጣደፉ። ባዚልን ተከተሉ። መጽሐፉ ውስጥ በንጹሕ ልብ የሚወድ እሱ ነው፤ የሚገደለውም በወደደው ሰው እጅ ነው።

ክሱ እንዴት አለቀ? ክሱን የጀመረው ራሱ ዋይልድ ነበር። የወዳጁ የሎርድ አልፍሬድ ዳግላስ አባት ክለቡ ድረስ መጥቶ ስድብ የጻፈበት ካርድ ትቶለት ስለሄደ፣ በስም ማጥፋት ከሰሰው። ስለ ልቦለዱ ሲጠየቅ ቀልድ እየጣለ አሸነፈ ማለት ይቻላል። ጥያቄው ወደ እውነተኛ ሰዎች ሲዞር ግን ቀልዱ ራሱን ወጋው። ክሱን ባነሳ ዕለት ምሽቱን ተያዘ፤ ሜይ 25 ሁለት ዓመት ከከባድ ሥራ ጋር ተፈረደበት። እርግጥ ቅዱስ አልነበረም፤ ስማቸው ከተነሳው መካከል ድሃ ወጣቶች ነበሩ፣ በእነሱና በእሱ መካከል የነበረው የአቅም ልዩነት እስካሁን ያከራክራል።

በ1897 ሲፈታ ወደ ፈረንሳይ ሄዶ ሴባስቲያን ሜልሞት በሚል ስም መኖር ጀመረ። ሜልሞት በእናቱ በኩል በጋብቻ የሚዛመደው ቻርልስ ማቱሪን በ1820 ያሳተመው የጨለማ ልቦለድ ባለታሪክ ነው፤ ዕድሜ ለማስረዘም ነፍሱን የሸጠ ተንከራታች። ዋይልድ በ1900 ፓሪስ ውስጥ ሞተ፤ 46 ዓመቱ ነበር።

ማንበብ ለምትፈልጉ፦ ሁለቱም እትሞች በእንግሊዝኛ ፕሮጀክት ጉተንበርግ ላይ በነጻ አሉ። ከ1890ው ጀምሩ፣ አጭር ነው። የ1891ዱ 11ኛ ምዕራፍ ስለ ሽቶና ስለ ጌጥ ረጅም ዝርዝር ነው፤ እውነቱን ለመናገር ይሰለቻል፣ ብትዘሉት አልፈርድባችሁም። ከሕትመት በፊት የተቆረጠው ደግሞ ተመልሶ በ2011 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ወጥቷል። የባዚልን ኑዛዜ በሦስቱም ላይ ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡት።