ጭምብልና የፈረስ ስም

ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ ስሄድ፣ አንሶላ አንገታቸው ላይ ቋጥረው «ሱፐርማን ነኝ!» እያሉ የሚሯሯጡ ልጆች አያለሁ። አልቆጣቸውም፤ ጀግና መሆንን መመኘት ደግ ነው። የምነግራቸው ግን አለኝ።

ሱፐርማን በአሜሪካ የሥዕል መጽሔት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። በዚያው ዓመት የጎጃም አርበኞች በዱር በገደሉ ጣሊያንን ይፋለሙ ነበር። የወረቀቱን ጀግና ጥይት አይበሳውም። በላይ ዘለቀን ግን ይበሳዋል፤ ይህን እያወቀ ነው የተዋጋው።

በስምም ይለያያሉ። ባትማንና ስፓይደርማን ማንነታቸውን በጭምብል ይሸፍናሉ። የእኛዎቹ ደግሞ በፈረስ ስማቸው ይገለጣሉ፦ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ በላይ አባ ኮስትር። በገጠር ሠርግ ፉከራ ሲነሳ ልጆቻችሁን ጠጋ አድርጓቸው፤ ፎካሪው አባት አያቱን እየጠራ ነው የሚፎክረው። ስሙን ያስታወቀ ሰው ሲያጠፋም መደበቂያ የለውም።

ፊልሙ በድል ያበቃል። የእኛ ታሪክ ግን ከድል በኋላም ይቀጥላል። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ቡሬን ለቆ ወጣ፤ አገርም ነፃ ሆነች። በላይ ግን በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በስቅላት ሞተ፤ የፈረደበትም ጠላት አልነበረም። «ለምን?» ብለው ሲጠይቁ መልሱ ይከብዳል። ቢሆንም አልደብቃቸውም። ጀግና ሁልጊዜ እንደማይሸለም ያወቀ ልጅ፣ ደግ ሥራን ለሽልማት ብሎ አይሠራም።